የኩሽና በር ላይ የሰቀልኩት ሰባት ቋጠሮ

አውቶቡሱ ከመካነ ሰላም የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ፣ ለሥራ ባሕር ማዶ ከመሄዴ በፊት የመጨረሻዋን ቀኔን ሻንጣ ስንሞላና ስናራግፍ ነው የጨረስናት። እናቴ በሶ ትከታለች፤ "ደላላው ምግብ አትያዝ ብሏል" ትልና ታወጣዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ "እሱ ነው እንዴ የሚርበው?" ብላ መልሳ ትከተዋለች። አባቴ ደጅ ላይ እንጨት የሚፈልጥ መስሎ አንዲቷን ጉማጅ ከሰዓቱን ሙሉ ሲደበድባት ዋለ። እኔ እንደ ወጉ ማልቀስ ነበረብኝ። ያለቀስኩት ግን ትንሽ ነው። ይልቅስ ተናድጄ ነበር፤ በእናቴ፣ በበሶው፣ በአባቴ ጉማጅ፣ ሊሰናበተኝ በመጣ ሰው ሁሉ።

ለምን እንደተናደድኩ ልንገራችሁ፣ የምጽፍላችሁ ነገር እሱው ነውና። የወር አበባዬ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ እኛ ዘንድ ሐይድ የሚባለው ነገር ከሴት ጆሮ አያልፍም፣ ያውም በሹክሹክታ። ግን ይህን የምታነቡ እህቶቼ በየሰው ኩሽና እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳችን ካልደፈርን ሁላችንም እንዳፈርን እንቀራለን። በእነዚያ ቀኖች ልቤ ይጠባል። ሰው ሲያኝክ ድምፁ ያሳብደኛል። ደህና አደርሽ ያለኝ የሰደበኝ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ቦኖ ላይ ወረፋዬን የነጠቀችኝን ሴት ጀሪካን በእርግጫ መትቼ ቁልቁል አንከባለልኩት፤ ማታ ስለ እሷ አዝኜ አለቀስኩ። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ተጣላሁ።

የዚህን መድኃኒት የሚያውቁት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ጦስኝ፣ የተቆላ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከጓሯቸው ደግሞ የደረቀ ጤና አዳም፣ እሱ ግን በጣት ጫፍ ብቻ። ይደባልቁትና በሰባት ቁራጭ ጨርቅ ቋጥረው ሰባቱንም አንድ ክር ላይ ያስሯቸዋል። በቀን አንዱ ተፈትቶ ይፈላና ይጠጣል። ሰባቱ ሲያልቁ ሐይዱ ይመጣል፣ ሰውነትም ይመለሳል።

ክሩ የሚሰቀለው ደግሞ ቤቱ መካከል፣ ምሰሶው ላይ ነው። ስለ እሱ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ግን ያየዋል። አባቴ ሲያየው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ታላቅ ወንድሜ መቀለዱን ያቆማል፤ አንዳንዴም ሳልጠይቀው ውሃውን እሱ ይቀዳል። እናቴ ወጡ ጨው ቢበዛበት ዝም ብላ ትበላለች። የፈወሰኝ ቅጠሉ ይሁን የእነሱ ዝምታ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ እትዬ አስካለ አራት ክር፣ የአራት ወር መድኃኒት፣ በፌስታል ይዘው መጡ። እጄን ያዙኝና፦

"ስሚ ሰዓዳ፣ የኔ ልጅ፤ እርጉዝ ካለችበት ቤት ከገባሽ ይህን ከሻንጣሽ አታውጪው። ጤና አዳም ለፅንስ ጠላት ነው" አሉኝ።

"እሺ እትዬ፣ አላወጣውም።"

"እንዲያው ለወጉ እሺ አትበይኝ። ትዝ ይበልሽ።"

በነጋታው መንገዱን ተያያዝነው። አቀስታ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ፤ ሹፌሩ "የምትወርዱበት አገር ይሄን ብርድ በገንዘብ ነው የሚገዙት" ብሎ ሳቀብን። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ አንዱ ፈታሽ ክሮቹን አንጠልጥሎ አወጣቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መድኃኒት።"

"የምን?"

ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ግማሹ ወንድ ነው። "የሆድ" አልኩት።

አሸተተው። "እናቴም እንዲህ የሚሸት ነገር ታጠጣኝ ነበር፤ አልተሻለኝም" አለና መልሶ ወረወረልኝ።

የገባሁበትን ከተማ አልጠራም፤ ልጆቻችን አሁንም አሉበት። ዓረብ አገር ልበለው። ቤቱ ትልቅ ነው፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም። ውጭው ምጣድ፣ ውስጡ በማቀዝቀዣ አቀስታ ነው፤ ሹፌሩ እውነቱን ነበር። ምግቡ ሩዝ፣ ነገም ሩዝ፣ ለእንግዳም ሩዝ። ሥጋው ሞልቷል፣ ግን እንብላ የሚልሽ የለም፤ ሰው ሁሉ ከተነሳ በኋላ ቆመሽ የተረፈውን ትጎርሻለሽ። እኛ አገር ለማኝ እንኳ ተቀመጥ ይባላል። ቤቱ ውስጥ ባባ የምለው አሠሪው፣ ማዳም፣ ሦስት ልጆች፣ እና ሐጃ የሚሏቸው የባባ እናት አሉ። ሐጃ ቀኑን ሙሉ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ አይናገሩም፣ ምንም ነገር ግን አያመልጣቸውም።

ሁለቱን ወር እንደምንም አለፍኩት። ቋጠሮዬን በድብቅ እፈታለሁ፣ በትንሽ ጣሳ አፍልቼ ክፍሌ ውስጥ እጠጣለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ እውላለሁ። በሦስተኛው ወር ማዳም ልብስ ስትለካ ሆዷን አየሁት። አራት ወር ሆኗታል።

የእትዬ አስካለ ቃል ትዝ አለኝ፤ ወላሂ ትዝ አለኝ። ጤና አዳሙ ግን ከሌላው ጋር ተደባልቋል፣ የሚለይ አይደለም። ጠቅላላውን ልተወው አልኩና ቀኖቼ ሲመጡ ክሩን ሳልነካ ሁለት ቀን ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ማዳም አንድ ቀሚስ ለሦስተኛ ጊዜ "ድገሚው" ብላ ፊቴ ላይ ወረወረችብኝ። የጋለውን ካውያ ከጠረጴዛው አንስቼው ነበር። አነሳሁት፣ ያዝኩት፣ እሷን አየኋት። ከዚያ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩትና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ራሴን ፈራሁት። አገሬ ላይ ጀሪካን የመታው እግሬ እዚህ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ቃሌን አፈረስኩ። ጣሳዋን ለብቻዋ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በታች አስቀምጬ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካት እየተጠነቀቅኩ ማፍላት ጀመርኩ። ሁለተኛውን ጥፋቴን ግን እስከ ዛሬ ማስረዳት ያቅተኛል። ክሩን የኩሽናው በር እጀታ ላይ ሰቀልኩት። አስቤበት አይደለም፤ እጄ ነው የሰቀለው። አገሬ ላይ ሲከፋሽ ትሰቅያለሽ፣ ሰው ያያል፣ ይተውሻል። እኔም እንዲተዉኝ ሰቀልኩ።

ሦስት ቀን ማንም ምንም አላለም። እንዲያውም የተዉኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጣሳዬን ፈልጌ ከቦታዋ አጣኋት። ዞር ብል ምድጃው አጠገብ ከሻይ ማፍያዎቹ ጋር ተደርድራለች። ማን አነሳት? ማን አፈላባት? ይህን እያሰብኩ ሳለ ከፎቅ የማዳም ጩኸት መጣ። ሆዷን ይዛ ጎንበስ ብላለች።

ሐኪም ቤት ወሰዷት። እኔ ኩሽናው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። "ጤና አዳም ለፅንስ ጠላት ነው።" ያ ረቢ፣ ያ ረቢ፣ አንድ ሕፃን ገድዬ ይሆን? ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ እስር ቤት እንኳ ትዝ አላለኝም።

ቀትር ላይ ተመለሱ። ማዳም በእግሯ ነው የገባችው፣ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። ባባ ከኋላዋ አንድ ሸይኽ ይዞ ገባ። ሳሎን ጠሩኝ። ክሬ ነጭ ሳህን ላይ ተቀምጧል፤ አራት ቋጠሮ። አጠገቡ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አለ። ያኔ ነው የገባኝ። የተቋጠረ ክር፣ ያውም በር ላይ፣ ያውም እርጉዝ ባለችበት ቤት። እኛስ ቁርአን ላይ ቋጠሮ ላይ ከሚነፉት ጠብቀን እያልን አይደል የምናድገው? እነሱ ያዩት መድኃኒት አይደለም፤ ሲሕር ነው፣ ድግምት። በዚህ ተከሶ የታሰረ ሰው ስም እያነሱ የሚያስፈራሩን ገና ከደላላው ቤት ጀምሮ ነው።

"ማን ላይ ነው የነፋሽበት?" አለ ሸይኹ።

"ማንም ላይ አልነፋሁም" አልኩ፣ በሦስት ወር በለቃቀምኳት ዓረብኛ።

"ማን ቋጠረው?"

"ጎረቤታችን ናቸው።"

"ሙስሊም ናት?"

እኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ መድኃኒት ላይ አይጠየቅም። ለእኛ ዱዓ ሲደረግ አሚን የሚሉት እሳቸው ናቸው፣ ለእሳቸው ዝክር ጌሾ የምትወቅጠው እናቴ ናት። መዋሸት እችል ነበር። ዘይነባ ናት ብል ማን ያውቃል? ግን ቀኖቼ ገና አላለፉም፣ ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ከፍርሃቱም ንዴቱ ይበልጥብኝ ነበር።

"ክርስቲያን ናቸው። ከአንተም የተሻሉ ሰው ናቸው" አልኩት።

ባባ ከመቀመጫው ተነሳ። ማዳም "አየኸው? አየኸው አመሏን?" ብላ አለቀሰች። ሸይኹ ግን አልተቆጣም፤ የመጀመሪያውን ቋጠሮ አነሳና ቁርአን እየቀራ ፈታው። ዱቄቱን ውሃው ውስጥ ጨመረው። ሁለተኛውን ፈታ። ቆሜ አየሁት፤ የቀሩኝ አራት ቋጠሮዎች ነበሩ፣ ሁለቱን ውሃ ውስጥ ከተታቸው። መጮህ ፈለግሁ። እጄን ከኋላዬ አድርጌ አንዷን ጣቴን በሌላው እጄ ጨምቄ ያዝኳት፤ ለብዙ ቀን አብጣ ነበር።

ሦስተኛውን ሊፈታ ሲል ሐጃ ከወንበራቸው "አምጣው" አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ሸይኹ ሰጣቸው። እሳቸው ጨርቁን ፈተው መዳፋቸው ላይ አደረጉትና አሸተቱ።

"ሑልባ" አሉ፤ አብሹን ነው። "ሐባ ሰውዳ፤ ይሄ ጥቁሩ የነቢያችን መድኃኒት ነው። ይሄ ዛዕተር ነው፣ የተራራ።" ጦስኙን ማለታቸው ነው። ከዚያ የጤና አዳሙን ስብርባሪ በጥፍራቸው ለዩት። እሱን አፍንጫቸው ላይ ብዙ አቆዩት። ቀና ብለው አዩኝ። አወቁት። እኔም ማወቃቸውን አወቅሁ።

"ይሄንን ለምን ትጠጫለሽ?" አሉኝ።

ሁለት ወንዶች ቆመዋል። እናቴ ፊት እንኳ ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ነው የሚጠይቁኝ። ዝም ካልኩ ጠንቋይ ነኝ። "ለሐይድ ነው" አልኩ። "ከመምጣቱ በፊት ልቤ ይጠባል። እቆጣለሁ፣ አለቅሳለሁ። ሰው እንዳልጎዳ ነው የምጠጣው። በሩ ላይ የሰቀልኩትም አይታችሁ እንድትተዉኝ ነው።"

ሸይኹ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ጣለ። ባባ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ የማይከፈት መስኮት ምን እንደሚያሳየው እንጃ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

"ቅመም ነው" አሉ ሐጃ፣ መዳፋቸውን እያራገፉ። "የሴቶች ቅመም። ሲሕር አይደለም። ሸይኽ፣ ሻይ ይምጣልህ?"

ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ማዳም ግን "ይህቺ ሴት እኔ ቤት አታድርም" አለች፤ ሻንጣዬን እንዳዘጋጅ ተነገረኝ። እያጠፍኩ ሳለ ሐጃ በከዘራቸው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። አልጋዬ ላይ ተቀመጡ።

"ልጁ ደህና ነው። ሐኪሙ ድካም ነው ብሏል" አሉኝ።

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። "ጣሳዋ..." አልኩ፤ ከዚህ በላይ ቃል አልወጣኝም።

"ጣሳሽን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ሲሸተኝ አውቄው ሦስት ጊዜ አጥቤ አስቀመጥኳት። ማንም አልጠጣባትም።" "አገርሽ እውነት ይተዉሻል? ክሩን አይተው?"

"ይተዉኛል።"

"አባትሽም?"

"አባቴም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ይሄን ቤት አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ። ዛሬስ ተዉአት ያለልኝ አንድ ሰው የለም።" ተነሱና ወጡ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

የላኩኝ መክተብ ወደሚባለው ሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ ነው። ጸሐፊው ፎርም አውጥቶ ጠበቀኝ፤ የቤት ዓረብኛዬ ለፎርም ስለማይበቃ የምታስተረጉምልኝ ረውዳ የምትባል የከሚሴ ልጅ ነበረች።

"ሰርቀሻል?"

"አልሰረቅኩም።"

"ጠፍተሻል?"

"ጠፍቼ ቢሆን እዚህ ምን እሠራለሁ?"

ረውዳ ይህን ሳትተረጉም ዘለለችው።

"ታመሻል?"

"በወር ሰባት ቀን።"

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። "ፎርሙ ላይ በወር ሰባት ቀን የሚል ቦታ የለም። ወይ በሽተኛ ነሽ ወይ ጤነኛ።"

"እንግዲያው ጤነኛ በል።"

"ጤነኛ ከሆንሽ ለምን መለሱሽ?"

"አሠሪዎቼን ልጠይቅልህ?"

ረውዳ አፏን በሻርፗ ይዛ ሳቀች። እሱ ብዙ አሰበና "ጠባይ" ብሎ ጻፈ። በጠባይዋ ምክንያት የተመለሰች። ኋላ ላይ ያየችኝ ሐኪም ሕመሙ ስም እንዳለው፣ ብዙ ሴት እንደሚይዝ ነገረችኝ፤ ወረቀቴ ላይ ግን አሁንም ጠባይ ነው የሚለው።

ሁለተኛው ቤት ያሉት ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ይሻላል፣ አልሐምዱሊላህ። ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ አለኝ። ረውዳ ክፍል ተሰብስበን አብሽና ጥቁር አዝሙድ ከሱቅ ገዝተን እናፈላለን፤ በፕላስቲክ የታሸገ፣ ዋጋውና አገሩ የተጻፈበት። ገና ልትመጡ የምትሰናዱ ልጆች፣ እባካችሁ ምንም ነገር በጨርቅ አትቋጥሩ፣ ምንም ነገር በር ላይ አትስቀሉ። የእናታችሁን መድኃኒት ጠንቋይነት የሚያደርገው የገባችሁበት ቤት ነው። ጤና አዳምን ደግሞ በጭራሽ፤ እኔ ያን ቀን ኩሽና መሬት ላይ የተቀመጥኩትን መቀመጥ ማንም አይቀመጥ።

ጦስኙ ግን የለም። የሱቁ ዛዕተር ሽታው የሳሙና ነው። ቀኖቼ ሲመጡ የምይዘው የለኝም፤ ጥርሴን ነክሼ እውላለሁ። ያለፈው ዓርብም እንዲሁ ነበርኩ። እናቴ ጋ ደወልኩ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ አባትሽ ደህና ነው፣ ዝናቡ ጥሩ ነው። ከዚያ "ድምፅሽ ከስቷል፣ አትበይም እንዴ?" አለችኝ። ይህችን ብቻ ነው ያለችው። እኔ ጮህኩባት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሩዝ ብቻ እየበላሁ ሁለት ዓመት፣ አንቺ አይደለሽ ሂጂ ያልሽኝ፣ በሶ ስትከቺ ስታወጪ! ያላለችኝን ሁሉ እንዳለችኝ አድርጌ ተናገርኳት።

"እማዬ?"

ምንም የለም።

"እማዬ፣ አለሽ?"

"አለሁ።" ድምፅዋ ተሰብሯል። "ምን አጠፋሁ ልጄ?"

ረውዳና ሌሎቹ ሻያቸውን ይዘው ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ። ግድግዳው ላይ ተደግፌ፣ ለእናቴ በአፌ ነግሬያት የማላውቀውን ነገርኳት። "እማዬ፣ ቀኖቼ ናቸው። አምስት ቀን ይቀረኛል።"

"ውይ" አለች። "ውይ በሞትኩት። ከዚህ ሆኜ በምን ይታየኛል?"

ከጀርባዋ የአባቴ ድምፅ "ምን ሆነች?" ሲል ይሰማል። እሷ "ምንም አልሆነች፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ" አለችው። ወዲያው ዝቅ አደረገው፤ ከዚህ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ ለእኔ፦

"በይ ተቆጪ" አለችኝ። "እሰማሻለሁ። ስልኩን አልዘጋውም።"

የምቆጣበት ነገር ፈለግሁ። አንድም አላገኘሁ።